ስሜን ከሳን ሂል ልጆች ጥርስ ላይ ያንሡልኝ

ለክቡር ዶክተር ኤፍራይን ኪንታኒያ
የሸለቆው የአካባቢ ጤና ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የክብርት ባለቤትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። መኖሪያዎ ከኮረብታው ወዲያ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ስለሆነ ሳንባዎ ንጹሕ፣ ደምዎም ከማናቸውም ከባድ ነገር ነጻ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ፤ ይህንንም የምለው በመልካም ምኞት ብቻ ሳይሆን፣ የዚያን ነፋስ አቅጣጫ ለዓመታት የለካሁት እኔው ስለሆንኩ ነው። በቅርቡ የተቀየረልዎ የጉልበት መገጣጠሚያም እንዲበረታልዎ እመኛለሁ፤ ከእንግዲህ የሚወጡት ደረጃ ብዙ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ኢርማ ሦስቱንም ጊዜ “ውይ ዶክተር፣ ስብሰባ ላይ ናቸው እኮ፤ ዛሬ ደግሞ የሚወጡም አይመስለኝ” ብላ መለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከውስጥ ሲያስነጥሱ ሰማሁዎት። እንደ ልማዴ “ይማርዎ!” ብዬ ጮኼ ነበር፤ መልስ ባለመስጠትዎ ስብሰባው እጅግ አሳሳቢ እንደነበር ተረድቻለሁ።

ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ሁሉ ሁለታችንን ላያውቁን ስለሚችሉ፣ በትዕግሥትዎ ተማምኜ ጥቂት ላስተዋውቅ። እኔ ሬምበርቶ ኦካራንሳ እባላለሁ። ሙያዬ የመርዝ ጥናት ነው፤ ይኸውም አንድ መርዛማ ነገር ከየት ተነሥቶ፣ በምን መንገድ ተጉዞ፣ የማን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ መከታተል ነው። በተቋሙ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እርስዎና እኔ ሥራ የጀመርነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ በሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከእግሩ ሥር የሚደረገውን ካርቶን የምናጥፈውም በተራ ነበር። በሠርግዎ ላይ ሚዜዎ ነበርኩ። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ አንባቢ ከዚህ በታች የሚያነበውን ያደረገብኝ ባዕድ ሰው ነው ብሎ እንዳይጽናና ነው።

ሳን ሂል ደግሞ ከከተማችን የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቅ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ናት። በዚህ ሸለቆ ለድግስ ሞሌ የተባለው የበርበሬ ወጥ የሚሠራበት ትልቅ ድስት ከሳን ሂል ያልመጣበት ቤት ጥቂት ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ወደዚያ ሄጄ፣ ሸክላቸውን በሚያብረቀርቀው ቅብ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት እንዳለና ወደ ምግብ እየገባ ልጆቻቸውን እንደሚመርዝ ስነግራቸው ሳቁብኝ። “አያቶቻችን በዚህ እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖሩ፤ አንተስ በምን ድስት በልተህ ነው እንዲህ የከሳኸው?” አሉኝ። እየሳቁም ቢሆን ግን የልጆቻቸውን ደም ለምርመራ ሰጡኝ፤ ውጤቱን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። እርሳስ የሌለበትን ቅብ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፤ ስንቱ ምድጃ ሙሉ ዕቃ ተሰነጠቀ፣ ስንቱ ደንበኛ “ይሄማ አያበራም” ብሎ ጥሏቸው ሄደ። እነሱ ግን ወደ ድሮው ቅብ አልተመለሱም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በልጆቹ ደም ያለው እርሳስ በግማሽ ወረደ። በሙያዬ የሠራሁት አንድ ጥሩ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ የሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያም፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከመንደሩ ትምህርት ቤት ጀርባ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ። የልጆቹ ደም በእርሳስ እንደገና ከበደ። ያን ዓመት መንደሩ “ዶኛ” ብሎ የሚያከብራት የሸክላ ሠሪዋ የዶኛ ኦቱሊያ ልጅ ኤሊሴዮ ተወለደ፤ ክርስትና ያነሣሁትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዶኛ ኦቱሊያ አበልጄ ናት። ኤሊሴዮ እናቱ የድሮውን ቅብ ከተወች በኋላ በሠራችው ድስት እየበላ ያደገ፣ ጢሱ በሚወርድበት ግቢ ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አንድ መስመር አንብቦ ሲጨርስ የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋዋል። አስተማሪው ሰነፍ ይለው ነበር፤ የደሙን ውጤት ካሳየሁት ወዲህ አይለውም።

እርሳሱ ከፋብሪካው መሆኑን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳት ሌላ ነው። ለዚህም የልጆቹን የወተት ጥርስ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጥርስ ሲያድግ ልጁ የበላውንና የተነፈሰውን እርሳስ በየዕድሜው ደራርቦ ይይዛል። እርሳስ ደግሞ ከየማዕድን ጉድጓዱ ሲወጣ የየራሱ ምልክት አለው፤ በመሣሪያ ሲታይ እንደ ጣት አሻራ ይለያያል። የቅቡ አሻራ ሌላ ነው፤ የባትሪው አሻራ ሌላ ነው። በአገራችን የወለቀ ጥርስ የሚወስደው አይጥ ስለሆነ፣ ልጆቹ ወዲያው “ዶክተር አይጥ” ብለው ሰየሙኝ። መኪናዬ መንደሩ መግቢያ ላይ ስትታይ “ዶክተር አይጥ መጣ! የኔዋ ገና እየተነቃነቀች ነው፣ እስከ ማታ ጠብቀኝ!” እያሉ ይሮጡ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥርስ አንዳንድ ብይ እሰጥ ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ በኪሴ ብይ እያንቃጨልኩ ወደ ጉባኤ የምገባ ተመራማሪ ያደረገኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ለዚህ ሥራ ስላደረጉለት ነገር ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ልክፈል።

፩ኛ፦ በቅድሚያ ስለ ድንቅ የመስማት ችሎታዎ አመሰግናለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የኤሊሴዮ የመጀመሪያ ጥርስ በወለቀ ጊዜ ዶኛ ኦቱሊያ ሁለታችንንም ለምሳ ጠርታን ነበር። በሳን ሂል የልጅ የመጀመሪያ ጥርስ ለአይጥ አይሰጥም። እናትየው ከጡጫ የማትበልጥ ማሰሮ ትሠራና ጥርሷን እርጥቡ ጭቃ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ትተክላታለች፤ ከዚያ ቅብ ቀብታ ትተኩሳታለች። ማሰሮዋ በቤቱ የቅዱሳን መደርደሪያ ላይ ልጁ እስኪያገባ ትቀመጣለች። እርስዎ የሞሌ ሳህንዎን ይዘው ጠጋ አሉና “በየትኛው ቅብ ነው የምትቀቢያት?” ብለው ጠየቋት።

ዶኛ ኦቱሊያም “በድሮው ነዋ ዶክተር! አዲሱ ለሚበላበት ነው። ይቺ ከመደርደሪያዋ መች ትወርድና! ማን ሊበላባት? ውሸቴን ከሆነ አበልጄን ይጠይቋቸው” አለችዎ። እኔም እውነት መሆኑን፣ በመንደሩ የድሮው ቅብ የቀረው በእነዚህ የጥርስ ማሰሮዎች ላይ ብቻ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ለጥናቴ የማንንም ልጅ የመጀመሪያ ጥርስ እንደማልወስድ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉትን ብቻ እንደምሰበስብ ነገርኩዎ።

“ጥቅሟስ ምንድን ነው?” አሉ እርስዎ።

“ልጁ ሲያድግ የያዘውን ነክሶ የማይለቅ እንዲሆን ነዋ።”

“አይ፣ እናቴ ይህን ሳታደርግልኝ ቀርታ ነው እንግዲህ ሁሉ ነገር ከእጄ የሚያመልጠው!”

“ኧረ ተዉ ዶክተር! ያቺን ሁለተኛ ሳህን ከያዟት ጀምሮ መች ለቀቋት?”

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እርስዎም ከሁላችን የበለጠ ሳቁ። ያን ቀን በሳቅ መካከል የሰሙትን እንዲህ ጠብቀው ማቆየትዎን አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

፪ኛ፦ ስለ ነጭ ጓንቶቹ አመሰግናለሁ።

ባለፈው የካቲት የተቋሙ መኪና ሳን ሂል ገባ። ነጭ ጓንት ያደረጉ ትሑት ወጣቶች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፣ የመንደሩን ጥበብ የሚያስከብር ትልቅ ዐውደ ርእይ በከተማ እንደሚዘጋጅ፣ ክቡር ዳይሬክተሩ ራሳቸው የጥርስ ማሰሮዎቹን እንደሚያደንቋቸው፣ በአደራ ተወስደው በአደራ እንደሚመለሱ ተናገሩ። የሳን ሂል ሰው ሥራው ሲደነቅለት ያለውን ሁሉ ያወጣል። እናቶች ማሰሮዎቹን ከመደርደሪያ አውርደው አቧራውን እየጠረጉ ሰጡ። ዶኛ ኦቱሊያ የኤሊሴዮን በራሷ ሻርፕ ጠቅልላ “ልጄ፣ በጭንህ ላይ አድርገህ ውሰዳት፤ መንገዱ ጉድጓድ ነው” ብላ ለአንዱ ወጣት አስረከበችው፤ እሱም “እሺ እማማ” አላት። በጭኑ ላይ አድርጎ ስለመውሰዱ ጥርጥር የለኝም። ዕቃው ሳይሰበር መድረስ ነበረበት፤ የሚሰበርበት ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበርና።

፫ኛ፦ ስለ መድረኩ፣ ስለ አበባውና ስለ መቀመጫው።

ለእኔ የደረሰኝ ጥሪ “ለዓመታት አገልግሎትዎ ክብር በሚሰጥበት ዕለት” ይላል። ሙሉ ልብሴን ለብሼ መጣሁ። ፋብሪካው ባሠራልዎ አዲስ አዳራሽ፣ በመድረኩ ላይ፣ ከእርስዎ ቀኝ አስቀመጡኝ። ከፊት በኩል ተቋሙ አውቶቡስ ልኮ ያመጣቸው የሳን ሂል እናቶች የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። ዶኛ ኦቱሊያ እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብኩ። መጋረጃው ሲገለጥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማሰሮዎቹ ታዩ። ሁሉም ተገልብጠዋል። ወለላቸው በመዶሻ ተፈልፍሎ ጥርሶቹ ወጥተዋል። ከበላያቸው በትልቁ “የብክለቱ ምንጭ” ተብሎ ተጽፏል።

አንዲት ሴት ቀስ ብላ “የኔዋ የቷ ናት?” ብላ ጎረቤቷን ስትጠይቅ መድረኩ ድረስ ተሰማኝ፤ ጎረቤቷም “እኔ ምኑን አውቄ፣ ሁሉም ቀዳዳ ሆነው የለ?” አለቻት።

ከዚያም ክቡርነትዎ ተነሥተው አዲሱን ሪፖርት አበሰሩ። ከሳን ሂል ልጆች ጥርስ ውስጥ የተገኘው እርሳስ የሸክላ ቅብ አሻራ እንዳለው፣ ስለዚህም ልጆቹን የሚመርዙት የገዛ ወላጆቻቸው መሆናቸው “ያለ አንዳች ጥርጥር” መረጋገጡን ነገሩን። እውነትዎን ነው፤ ጥርጥር የለውም። በእሳት ያለፈ ጥርስ እንደ ደረቅ ስፖንጅ ነው፤ በላዩ የፈሰሰውን ቅብ ይጠጣል። ከዚያ ጥርስ ውስጥ የተለካው እርሳስ ልጁ የዋጠው ሳይሆን እናቱ የቀባችው ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢሳሳተው ፈተናውን እጥልበታለሁ፤ እርስዎ ግን አልተሳሳቱም። እኔ ለዓመታት የሰበሰብኳቸውን፣ እሳት ያልነካቸውን ጥርሶች በመጋዘን ቆልፈው፣ በሸለቆው ሁሉ ውስጥ የሚፈልጉትን መልስ ሊሰጡ የሚችሉትን ጥርሶች ብቻ መርጠው መውሰድ ዕውቀት ይጠይቃል። ዕውቀቱን ደግሞ ያገኙት ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ማዕድ ላይ፣ በነጻ ነው።

፬ኛ፦ ስሜን ስላስታወሱ።

የሪፖርቱ ሽፋን በግድግዳው ላይ ሲበራ ከእርስዎ ስም ቀጥሎ የእኔ ስም አለ። አላነበብኩትም፤ አልፈረምኩበትም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ተነሥቼ “ይህ የእኔ ሥራ አይደለም” ስል የድምፅ ማጉያዬ እንዳልተከፈተ ተረዳሁ። እርስዎ ግን በመልካም ፈገግታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ለታዳሚው “የዶክተር ኦካራንሳ ስሜት ተነክቷል” አሉ፤ ጭብጨባም ሆነ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ የተጨበጨበልኝ ያን ዕለት ብቻ ነው።

ስሜ ለምን እንዳስፈለገዎ በኋላ ገባኝ። በሸለቆው ውስጥ “የፋብሪካው ነው” እያለ የሚጮህ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። የእኔ ስም ከታች ካለበት፣ ነገ በየትኛውም ሸንጎ ቆሜ ብናገር ከራሱ ጋር የተጣላ ጃጅቶ የሚቀባጥር ሰው እመስላለሁ። የፋብሪካው ጠበቃ ይህንኑ በሬዲዮ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፦ “እሳቸው ራሳቸው የፈረሙበት እኮ ነው፤ እኛ ምን እንጨምራለን?”

፭ኛ፦ የሳን ሂል እናቶች ለዐውደ ርእዩ ክብር ሲሉ ሌሊቱን ሞሌ ሲሠሩ አድረው፣ በገዛ ድስታቸው ይዘው መጥተው ነበር። እርስዎም መርዝ ነው ባሉት ዕቃ የቀረበውን ሞሌ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በልተዋል። በሪፖርትዎ ላይ ያለዎት እምነት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ማስረጃ አልፈልግም።

፮ኛ፦ ስለ አውቶቡሱ።

ዝግጅቱ እንዳበቃ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። አንድ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “እዩት፣ እዩት! ዶክተር አይጥ ስንለው ለካስ ድመት ኖሯል!” አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ፤ የሚያስቅ ግን አልነበረም። ዶኛ ኦቱሊያ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“አበልጄ፣ ከላይ ተቀምጠው ነበር” አለችኝ።

“አላወቅኩም። በኤሊሴዮ ይዤሻለሁ፣ አላወቅኩም።”

“የልጁን ስም አይጥሩ። ዳይሬክተሩ እንግዳ ናቸው፤ እንግዳ በልቶ ይሄዳል፤ ያማል ግን ያልፋል። እርስዎ ግን ልጄን በክንድዎ ይዘው ውሃው ሲፈስበት የቆሙ ሰው ነዎት። ስምዎ እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?”

“አስነሣዋለሁ።”

“እንግዲያው ሲነሣ ይምጡ። እስከዚያ በሬን አያንኳኩ፤ ከፍቼ መልሼ ብዘጋብዎ ለሁለታችንም አያምርም።”

ክቡርነትዎ፣ ይህ እንግዲህ አምስት ሳምንት ሆነው። በእነዚህ ሳምንታት ተቋምዎ በሳን ሂል ያሉ ምድጃዎች በሙሉ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲታሸጉ ትእዛዝ አውጥቷል። ፋብሪካው ደግሞ ለተጨማሪ አሥር ዓመት ፈቃዱ እንዲታደስለት ጠይቆ፣ ማክሰኞ በክልሉ ምክር ቤት ይሰማለታል፤ ዋናው ማስረጃ በእኔ ስም የተጌጠው ሪፖርት ነው። ይህ ከሆነ የሳን ሂል ሰው የሚበላበትን ሥራ ያጣል፤ የሚተነፍሰውን ግን አያጣም። ኤሊሴዮም በዚያው ግቢ፣ በዚያው ጢስ ሥር አንድ መስመር ለማንበብ ሲታገል ይቀጥላል፤ ልዩነቱ የመረዘው የእናቱ እጅ ነው ተብሎ በማኅተም መረጋገጡ ነው። እናቱም ይህን ማመን ጀምራለች ብለው ጎረቤቶቿ ነግረውኛል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተወችውን ቅብ እያሰበች እጇን ደጋግማ ትታጠባለች አሉኝ። ከምስጋናዬ ሁሉ ትልቁ ለዚህኛው እንዲሆን ፈልጌ ቃል አጣሁለት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሦስት ትንንሽ ነገሮችን በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜን ከሪፖርቱ ላይ ያንሡልኝ፤ ያነሡትም እኔ ስላልፈረምኩበት መሆኑን በዚሁ ጋዜጣ፣ ከማክሰኞ በፊት ያሳውቁ። “በአርትዖት ስሕተት” የሚል ሐረግ እንዳይጠቀሙ አደራ፤ ስሕተት የሚባለው ሳያውቁ የሚሠራ ነው።

በመጋዘን የተቆለፉት፣ እሳት ያልነካቸው ጥርሶች እናቶቹ ባሉበት ታሽገው፣ ከእርስዎም ከእኔም ውጭ ወደሆነ ቤተ ሙከራ ይላኩ። አዎ፣ ከእኔም ውጭ። የማምነውን ውጤት እኔ እንድለካው አልፈልግም፤ ይህ ድሮ በዚያ በሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ ሁለታችንም የምናምንበት ነገር ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ እንደተቀየረ ያወቅኩት የራሴን ቁልፍ ለግማሽ ሰዓት ካሽከረከርኩ በኋላ ነው፤ ዘበኛው አዝኖልኝ “ዶክተር፣ ቁልፉ አይደለም ያረጀው፣ በሩ ነው አዲስ” ብሎ ባይነግረኝ አሁንም እዚያው ነበርኩ።

ማሰሮዎቹንም እንደ ተሰበሩ ይመልሱ። አያስጠግኗቸው፤ በሳን ሂል ሸክላ የሚጠግን ሰው አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ማክሰኞ ምክር ቤቱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ የድምፅ ማጉያው ባይከፈትም ድምፄ አዳራሽ እንደሚሞላ ከተማሪነታችን ጀምሮ ያውቃሉ። ማን እንደሚያምነኝ አላውቅም። አበልጄ እንድታምነኝ እፈልጋለሁ፤ የቀሩት ቢያምኑኝ ደግሞ ኤሊሴዮ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ሌላ አየር ይተነፍሳል። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው የለኝም፤ ሹመትዎ፣ አዳራሽዎና የፋብሪካው ወዳጅነት ለእርስዎ ይሁኑልዎ።

ለጤናዎ፣ ለዕድሜዎና ለማይነካ አየርዎ ያለኝን የማይለዋወጥ ምኞት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ በሠርግዎ ቀን ቀለበትዎን በኪሴ ይዤ ያልጣልኩት፣ በሪፖርትዎ ሽፋን ላይ ግን ሳልጠየቅ የተጣልኩት፣

እጅግ ታማኝ የቀድሞ ባልደረባዎ
ሬምበርቶ ኦካራንሳ
የመርዝ ጥናት ተመራማሪ

ማስታወሻ፦ ዜናው ሳይደርስዎ እንዳይቀር ብዬ ነው። የሳን ሂል ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ተመራቂዎች፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ የዘንድሮውን ትውልዳቸውን በአንድ የተከበረ ሰው ስም መሰየም ስላለባቸው፣ ከዐውደ ርእዩ በፊት እርስዎን መርጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ አስተማሪያቸው ስሙ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ። አንዲት ልጅ ተነሥታ “አይቀየር ጋሼ፤ ደማችን ሲለካ ወረቀታችን ላይ የትውልዳችን ስም ይጻፍ የለ? በእሳቸው ስም ይጻፍ” አለች፤ ክፍሉም በሙሉ ድምፅ ደገፋት። ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ የእያንዳንዱ ልጅ የደም ውጤት፣ ዘንድሮም ወደፊትም፣ “የዶክተር ኤፍራይን ኪንታኒያ ትውልድ” በሚል ርእስ ሥር ይመዘገባል። ስምዎን ከዚያ ላይ የሚያነሣልዎ ሰው እንደማይኖር አረጋግጠውልኛል። እንኳን ደስ አለዎት።